ሞዴል 19 የሌለው መደርደሪያ

ጥቅምት 5፣ 2017

ዛሬ የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ቁልፍ ተሰጠኝ። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ የንባብ ክበቡ ለእኔ ደረሰኝ። ይህን ማስታወሻ የምይዘው እንደ እኔ ክበብ የተሰጠው ሌላ መምህር ቢያነበው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው። የተሳካውንም ያልተሳካውንም እጽፋለሁ።

ክፍሉ ረጅም ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ሁለት ቬንቲሌተር ተሰቅሏል፤ የሚዞረው አንዱ ነው። ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ መቼም ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ላይብረሪው ልጅ የለውም ማለት አይቻልም። አለው። ግን ሁሉም የ12ኛ ክፍል ናቸው። ለማትሪክ ነው የሚያጠኑት፤ የሚያነቡትም የራሳቸውን ደብተር ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከመደርደሪያ መጽሐፍ ያነሳ አንድ ልጅ አላየሁም። መደርደሪያው ላይ ያለው የድሮ መማሪያ መጽሐፍና ከውጭ በእርዳታ የመጣ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የአንዱን አቧራ ጠርጌ ገለጥኩት። ስለ ሌላ አገር የግብር ሕግ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ይህን ምን ብሎ ያንሳው?

ልብ ወለድ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለ። ከላይብረሪ ሠራተኛዋ ወንበር ጀርባ፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎበታል።

ጥቅምት 8

ከሠራተኛዋ ጋር ሻይ ጠጣን። ቁም ሳጥኑ ለምን እንደሚቆለፍ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። ከመሳቢያዋ ወረቀት አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ፈርሜባቸዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት ንብረት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ወንበርም ይሁን ልብ ወለድ ለውጥ የለውም። ፈርሞ የወሰደው ሰው ኃላፊ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አለ። መጽሐፍ ከጎደለ የምትጠየቀው እሷ ናት። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ለማግኘት የጠፋውን ከኪሱ እንደከፈለ ነገረችኝ።

«ላይብረሪያን መጽሐፍ ይደብቃል» ሲባል እሰማለሁ። እኔም ስል ኖሬአለሁ። ዛሬ ወረቀቱን አይቼ ዝም አልኩ። ልጆች መጽሐፍ ይዘው ቤታቸው እንዲሄዱ ከፈለግን፣ መጽሐፉ ሲጠፋ ከማን ደመወዝ ነው የሚቆረጠው የሚለውን አስቀድመን መመለስ አለብን። ይህን ሳይመልሱ «ልጆች ሆይ አንብቡ» ማለት ለእኔ ከባድ ሆነብኝ።

ጥቅምት 25

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም።

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል የንባብ ውድድር አውጥተን ነበር። አንድ መጽሐፍ አንብቦ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ያመጣ ይሸለማል ተባለ። 31 ማጠቃለያ መጣ። ደስ ብሎኝ ቤት ወስጄ ማንበብ ጀመርኩ። ስድስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አንድ ናቸው። ከቀሩት የሚበዙት የመጽሐፉን የጀርባ ሽፋን ገልብጠዋል። ከልባቸው ያነበቡት ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። እነሱ ደግሞ ድሮም ያነባሉ።

አንዷን በእረፍት ሰዓት አገኘኋትና መጽሐፉን ወደድሽው ወይ አልኳት።

«ደህና ነበር ቲቸር። ግን ማጠቃለያው ሲያስጨንቀኝ መጨረሻውን ዘለልኩት።»

መጨረሻውን! ሌሊት ሰው የማያስተኛውን ክፍል። ልጆቹ ፈተና ሞልቷቸዋል፤ እኔ ደግሞ ሌላ ጨመርኩባቸው። ውድድሩን ዛሬውኑ አቆምኩት። ከእንግዲህ መጽሐፍ ወስዶ የመለሰ ልጅ ምንም አይጠየቅም። አንብቦ ጨረሰም፣ ገጽ 10 ላይ ሰልችቶት ተወውም፣ «ሌላ ልስጥህ?» ብቻ ነው የሚባለው።

ኅዳር 3

መብራት ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ነገር መጣልኝ። ሠራተኛዋ የፈረመችው በትምህርት ቤቱ ንብረት ላይ ነው። የክበቡ ልጆች እርስ በርስ የሚዋዋሱት መጽሐፍ ግን የትምህርት ቤቱ ንብረት አይደለም። ማንም አልተረከበውም፤ ማንም አልፈረመበትም። ቢጠፋ የክበቡ መጽሐፍ ጠፋ እንጂ የማንም ደመወዝ አይነካም።

ርዕሰ መምህሩ አሰበበትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ከመንግሥቱ መጽሐፍ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ለብቻው ይቀመጥ አለ። ተስማማን። ግቢ ውስጥ ከተጣለ ሞራሌና ከአሮጌ ጠረጴዛ በተረፈ ቺፕውድ መደርደሪያ ይሠራል። ጠባብ እንዲሆን ነው የፈለግኩት። መጽሐፎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተጣበው እንዲቆሙ አልፈልግም፤ ሽፋናቸውን ወደ ልጆቹ አዙረው ይቁሙ። ሱቅ እንኳ ዕቃውን ፊቱን አዙሮ ነው የሚደረድረው።

ኅዳር 20

መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመርን። ልጆቹ በየሰፈራቸው ይጠይቃሉ፤ ከዚራ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ። እኔ ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በራሴ ገንዘብ ጥቂት ገዛሁ።

ትልቁ ስጦታ የመጣው ከአንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። ከዚራ፣ ከእነዚያ የጥላ ዛፍ ካላቸው መንገዶች በአንዱ ላይ ነው ቤታቸው። ሁለት ካርቶን ሰጡን። ገሚሱ ፈረንሳይኛ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተወለደችው፤ የድሬ ሰው ቤት ብዙ ቋንቋ ቢገኝ አይገርምም። ሽማግሌው በወጣትነታቸው መጽሐፍ በስሙኒ ተከራይተው፣ በማግስቱ ስለሚመለስ ሌሊቱን በኩራዝ ይጨርሱት እንደነበር አጫወቱን። ልጆቹ መጽሐፍ ይከራያል ወይ ብለው ተገረሙ።

ከመጣው ግማሹ የተበጣጠሰ ነው። ስለዚህ ጥገና ተማርን። ጀርባው የተላቀቀ መጽሐፍ እንዲህ ይጠገናል። የድሮውን የተሰነጣጠቀ ሙጫ በቢላዋ ጀርባ ቀስ ብሎ መፋቅ። ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጎ ጠርዛቸውን ማስተካከል። በሁለት ጣውላ መሃል አስገብቶ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ከዚያ ጀርባውን የአናጺ ነጭ ኮላ መቀባት፤ ሳይደርቅ ከፋርማሲ የተገዛ ፋሻ በልኩ ቆርጦ ማልበስ፤ በፋሻው ላይ እንደገና ኮላ መድገም። በእኛ ሙቀት ኮላው ቶሎ የደረቀ ይመስላል። አትመኑት። እስከ ነገ ይደር። ቸኩለን የፈታነው የመጀመሪያው መጽሐፍ መሃሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ስኮች ደግሞ አትጠቀሙ። ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ሲነሣም ወረቀቱን ይዞ ነው የሚነሣው።

ይህን ሥራ የወደዱት ንባብ ክበብ የገቡት ጓደኛቸውን ተከትለው ነው የምላቸው ሁለት ወንዶች ናቸው። ገጽ ሲያስተካክሉ ዓይናቸው መስመር ይይዛል። ትንሽ ቆይተው እጃቸው ይቆማል። ትናንት አንደኛው መጽሐፉን አስሮ ሲጨርስ «ሲደርቅ መጀመሪያ የምወስደው እኔ ነኝ፣ ጻፈኝ» አለኝ። ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 9

መደርደሪያው ቆመ። 64 መጽሐፍ አለው።

አደራደሩ አከራከረን። ላይብረሪያችን እንደ ብዙዎቹ በዴዊ ቁጥር ነው የሚሄደው። ሜልቪል ዴዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሠራር ነው፤ ሥነ ጽሑፍ 800 ላይ ይቀመጣል። ለሚያውቀው ሰው ግሩም ነገር ነው። የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን «800 ላይ ምን አለ?» ብሎ አይመጣም። «የሚያስፈራ አለ?» ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው በካርቶን ጻፉ፦ የሚያስፈራ፣ ፍቅር፣ ወንጀል፣ እውነተኛ ታሪክ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። «በአንድ ቀን የሚያልቅ» የእነሱ ሐሳብ ነው። ቶሎ ባዶ የሆነውም እሱ ነው።

እያንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍን። ያነበበ ሰው ከፈለገ አንድ መስመር ይጽፋል። ካልፈለገ ይተዋል።

ታኅሣሥ 16

ልጆች አያነቡም የሚለውን ወሬ እኔም አምን ነበር። ትናንት አንድ ክፍል ውስጥ ስልክ ተደብቆ ሲነበብ ያዝኩ። ቀማሁና አየሁት። ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚወጣ የፍቅር ታሪክ ነው። ልጅቷ ክፍል 47 ላይ ነች። አርባ ሰባት! ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንት ገጽ እንደሚሆን አስቡት።

ስልኩን መለስኩላትና ምኑ እንደያዛት ጠየቅኳት። አሰበች። «ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ሲደርስ ‹ይቀጥላል› ብሎ ያቆማል» አለች።

ከሰዓት የአንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ አራት ገጽ ኮፒ አደረግን። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከፈተና ፕሮግራሙ ጎን ለጠፍነው። አራተኛው ገጽ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ነው የሚያልቀው። ከሥሩ በትልቁ «ይቀጥላል። ቀሪው ላይብረሪ፣ ጠባቡ መደርደሪያ» ብለን ጻፍን።

ዛሬ ከአንደኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ሰባት ልጅ መጣ። መጽሐፉ አንድ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ላይብረሪ ወረፋ ሲያዝ አላየሁም ነበር።

ጥር 6

ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሰጠን። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ድምፅዋ ለንባብ የተፈጠረ ነው። ማይኩ መጀመሪያ ጮኸ፤ ግቢው ሳቀ። ከዚያ ዝም ብላ ማንበብ ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ኳሱን በእግራቸው ይዘው ሲያዳምጡ አየሁ።

ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በጆሮው ያወቀው ሰው ብዙ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ነበር የሚሰማው። ጮክ ብሎ ማንበብ ለሕፃናት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን የእኛን ግቢ በ4 ሰዓት ይምጣና ይየው።

መጋቢት 8

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22። በእረፍት ሰዓት ሳንቡሳ የሚገዛ የለም፤ ሻይ ቤቱ ጭር ብሏል። ታዲያ ልጁ የት ይሂድ? ላይብረሪ መጣ። ቦታ ጠበበን። አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥተን ኒሙ ዛፍ ሥር አደረግናቸው፤ ጥላው ከውስጥ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ አለ። መጀመሪያ የመጣው ለመተኛት ነው። መጽሐፍ ያነሳና ጭንቅላቱን ያስደግፍበታል። ሠራተኛዋ ልትቀሰቅሰው ስትል ተይው አልኳት። ለሱሑር ተነሥቶ ነው፤ ይተኛ። ሦስት ቀን ተኛ። በአራተኛው ሳልፍ ነቅቷል። የተደገፈበት መጽሐፍ ተገልጧል። የወንጀል ታሪክ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። አጠገቡ ስቆም ቀና አለ።

«አቦ ቲቸር፣ ገዳዩን እንዳትነግረኝ!»

ከሌላ አገር ለሚያነበኝ፣ ድሬ ላይ «እርስዎ» እምብዛም አይሰማም። አንተ መባሉ መዋደድ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ልጅ አራት መጽሐፍ ወስዷል። ምን ገባህ፣ ምን ተማርክበት ብዬ አልጠየቅኩትም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት።

መጋቢት 12

የመጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፉትን ዛሬ አነበብኩ። አንዳንዶቹን ልገልብጥ።

«እስከ ገጽ 40 ታገሱ። ከዚያ በኋላ መብላት ትረሳላችሁ።»

«ማልቀስ የማትፈልጉ አትውሰዱት።»

«አባትየውን ጠላሁት። የኔን አባት አስታወሰኝ። ከዚያ ወደድኩት።»

ከስንት ዓመት የማጠቃለያ እርማት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር በተማሪ እጅ ተጽፎ አላየሁም። ያውም ማንም ሳያዘው።

ሚያዝያ 20

አንድ ስህተቴን ዛሬ አረምኩ። ዝም የሚሉ፣ መደርደሪያውን አይተው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። ማንበብ የማይወዱ መስለውኝ ነበር። ግን ድሬ ላይ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ የሚማር አለ፣ በኦሮምኛ የሚማር አለ፣ በሶማሊኛ የሚማር አለ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። በቁቤ ማንበብ የለመደች ልጅ የፊደል ልብ ወለድ ስታይ የሚከብዳት ንባቡ አይደለም፤ ፊደሉ ነው። መደርደሪያዬ ከሞላ ጎደል አማርኛ ብቻ ነበር። ዘጠኝ የኦሮምኛና አራት የሶማሊኛ መጽሐፍ አገኘን። ይበቃል ማለት አይደለም፤ ቢያንስ በሩ ተከፈተ።

ከዚህ ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። መነሻው የጥበቃችን ወሬ ነው። ኒሙ ሥር ተቀምጠው ስለ ደቻቱ ጎርፍ ሲያወሩ ልጆቹ ከበቧቸው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ከደጋው የወረደው ውኃ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ቤት ይዞ ሄደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ልጆቼ ያኔ አልተወለዱም። በየቀኑ በድልድዩ እየተሻገሩ ስለዚያ ሌሊት የሚያውቁት ጥቂት ነው። በሩቁ አገር ከሚፈጸም ልብ ወለድ ይልቅ ይህ እንደያዛቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ቤታችሁ ሂዱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ አልኳቸው። ያን ሌሊት የት ነበራችሁ? ማውራት ያልፈለገ ሰው ካለ ተዉት፤ አታስጨንቁ። በሰማችሁበት ቋንቋ ጻፉት።

ግንቦት 8

17 ታሪክ መጣ። በሦስት ቋንቋ። ኮምፒውተር ክፍል ገብተን ተየብነው፤ 28 ገጽ ሆነ። በካርቶን ሽፋን አድርገን በስቴፕለር ያዝነው። ለአምስት ኮፒ ነው ወረቀት የበቃን።

የአንዷን ልጅ ጽሑፍ ልንገራችሁ። እናቷ መጀመሪያ የባቡር ድምፅ መስሏት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ባቡር ከየት መጣ ብላ ተገረመች። በር ስትከፍት ውኃው ጉልበቷ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ ነበራት። በግንብ አጥሩ ላይ ለጎረቤት አቀበለችው፤ ማን እንደተቀበላት በጨለማው አላየችም። ሲነጋ ልጁ ከሦስት ቤት ማዶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘችው። ያ ሕፃን የልጅቷ ታላቅ ወንድም ነው። አብረው አድገው እሱም እሷም ይህን አልሰሙም ነበር። ልጅቷ ጽሑፏን ስታስረክበኝ ወንድሟ ሁለት ጊዜ አስነብቧት ዝም ብሎ ወደ ውጭ እንደወጣ ነገረችኝ።

አምስቱም ኮፒ በዚያው ቀን ወጣ። ደብተሩ ላይ ወረፋ የያዙት 22 ናቸው። ልጆቹ ለወላጆቻቸው ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። አንዳንዱ ቤት ሳምንት ይቆያል፤ ጎረቤት ይዋሰዋል። አልጠይቅም።

ግንቦት 18

ቆጠርን። ጠባቡ መደርደሪያ እስከ ዛሬ 86 መጽሐፍ ገብቶለታል። 13 አልተመለሰም። የጠፉት የትኞቹ እንደሆኑ አየሁ፤ የመጨረሻ ገጻቸው በጽሑፍ የተሞላው ናቸው። የሚሰለቸው ሁሉ ተመልሷል። ያዝናል ሰው፤ እኔም ሁለቱን በጣም እወዳቸው ነበር። ግን 13ቱ አንድ ቦታ አሉ። ትራስ ሥር፣ ኪዮስክ ውስጥ፣ ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ።

ሌላው ነገር ይበልጥ አስደሰተኝ። ዛሬ ጠዋት ስገባ የመስታወቱ ቁም ሳጥን ክፍት ነው። ሠራተኛዋ ከእያንዳንዱ ርዕስ ሁለት ሁለት ያላቸውን አውጥታ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ደርድራለች። እዚሁ ተቀምጠው እንዲያነቡት ነው፤ አይወጣም። ወረቀቷ እንደ ድሮው ነው፤ ፊርማዋም አለ። «የሚመልሱ ልጆች እንደሆኑ አየሁ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሙቀቱ በርትቷል። ሁለተኛው ቬንቲሌተር አሁንም አይዞርም። ኤሌክትሪሻን ነገ እመጣለሁ ካለ ሁለት ሳምንት ሆነው።

ሰኔ 13

ክረምት ሊገባ ነው። ደንቡ መጽሐፍ ሁሉ ተሰብስቦ ይቆለፋል ይላል። የመንግሥቱ ተሰበሰበ። የክበቡን ግን አልሰበሰብንም። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል? የፈለገ ሦስት ሦስት ይውሰድ አልን። ልጆቹ መጀመሪያ አላመኑም።

የረመዳኑ ልጅ መጨረሻ ላይ መጣ። ክረምቱን ጅቡቲ፣ አክስቱ ጋ ነው የሚያሳልፈው። ሁለት የወንጀል ታሪክ መረጠ። ከዚያ የጎርፉን መጽሐፍ ጠየቀ። የቀረችው አንዲት ኮፒ ናት፤ ሽፋኗ ተልጦ ሁለቴ በፋሻና በኮላ ጠግነናታል። ድንበር ተሻግራ ትመለሳለች ወይ ብዬ ለአፍታ አመነታሁ።

«አክስቴ ከጎርፉ በኋላ ነው ከዚህ የሄደችው» አለ። «ማንበብ አትችልም። ላንብብላት ብዬ ነው።»

ደብተሩን አዞርኩለት። ስሙን ጻፈ። የሚመለስበት ቀን በሚለው ሥር እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆየና «መስከረም» ብሎ ጻፈ።